ለሁሉም የጨመርኩት ግማሽ ነጥብ

አቃቂ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሪከርድ ቢሮ ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ የተማሪ ውጤት መመዝገብ፣ ትራንስክሪፕት መተየብና የጠፋ ካርድ መተካት ነበር፤ ሰው የሚያውቀኝ ግን በሌላ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ማትሪክ ተፈትኖ ውጤቱ እስኪመጣ መታገስ ሲያቅተው እኔ ዘንድ ይመጣል። ስንት ነጥብ እንደሚያመጣ፣ ዩኒቨርሲቲ ይግባ አይግባ እነግረዋለሁ። አንዳንዶቹ መምህራን ጠንቋይዋ ይሉኝ ነበር። እኔም ምላሴ አጭር አልነበረምና የሚገባቸውን እሰጣቸዋለሁ።

ጥንቆላ የለበትም። አንድ ወፍራም ደብተር ነበረኝ። በየዓመቱ የተፈተኑትን ልጆች የክፍል አማካይ በግራ፣ ማትሪክ ላይ ያመጡትን ነጥብ በቀኝ እጽፋለሁ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደብተሩ ራሱ ይናገር ጀመር። የሒሳቡ መምህር እጁ የማይፈታ ሰው ስለነበር እሱ ሰባ የሰጠው ልጅ ማትሪክ ላይ ቢ አያጣም። የባዮሎጂው ደግሞ ሩኅሩኅ ነው፤ የሱን ዘጠና አላምነውም። በዚያ ላይ ልጁን ፊቴ አስቀምጬ እመረምረዋለሁ። እንግሊዝኛውን ጨረስክ? ስንቱን እንዲሁ በግምት አጠቆርክ? አማርኛው ላይ ምንባቡን አንብበህ ነው ወይስ ጥያቄውን ብቻ አይተህ? የሚዋሸኝን ከዓይኑ አውቀዋለሁ።

አንድ ዓመት ላይ ግን ተሳሳትኩ። ለአንዲት ጎበዝ ልጅ ሕክምና ትገቢያለሽ አልኳት፤ በጥቂት ነጥብ ቀረባት። ልጅቷ ከቤት አልወጣ ብላ ከረመች። እናቷ መጥታ የቢሮዬ በር ላይ ቆመች፣ አየችኝና ተመለሰች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን እንዳለ መናገር ተውኩ። ሦስት ካገኘሁ ሁለት ነጥብ ሰባት እላለሁ፤ ደብተሬም ላይ ሰው አሾልኮ ቢያየው ብዬ የተቀነሰውን እጽፋለሁ። ልጁ ለጊዜው ፊቱ ይጠቁራል፤ ውጤቱ ሲመጣ ግን ከጠበቀው ይበልጥበታል፣ እየሮጠ መጥቶ ይስመኛል። የኔ ደግነት ይህ ነበር፤ እንዲያ መስሎኝ ነበር።

ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰው በዚህ መሃል ነው። ስድስት ዓመት እበልጠዋለሁ። ቤታችን ወደ ቃሊቲ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ነበር። አባታችን ከወሎ የመጣ፣ የአሰብን መንገድ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በወር ውስጥ የምናየው ጥቂት ቀን ነው። ስለዚህ የወንድሜን ትምህርት የምከታተለው እኔ ነበርኩ፤ ስቆጣውም፣ ደብተሩን ስፈትሽም፣ ኳስ ሜዳ ድረስ ሄጄ በጆሮው ስጎትተውም እኔ ነኝ። ጎበዝ ነበር። ይህን ዛሬ ነው የምለው እንጂ ያኔ አፌን ቢፈለቅቁት አልለውም።

ያወጣሁለት ግምት ሦስት ነጥብ አራት ነበር። ሦስት ጊዜ ደግሜ አሰላሁት፣ ያው ነው። የነገርኩት ግን ሁለት ነጥብ ሰባት ነው። ከማንም ይልቅ ከሱ አብዝቼ ቀነስኩ። አንደኛ፣ እንዳይኩራራ። ሁለተኛ፣ እናቴ ልጇ በሰው ፊት ሲመሰገን አትወድም፤ ዓይን ትፈራለች። እኔ ተምሬያለሁ ብል እንኳ በዚህ ነገር የእናቴ ልጅ ነኝ። እንዲያውም ከሷ ባስኩ። ለመምህራኑም፣ ለዘበኛውም፣ የቀበሌው ሕብረት ሱቅ ስኳር ለመውሰድ አብረውኝ ለተሰለፉት ሁሉ፣ «የኛማ ልጅ ሁለት ነጥብ ሰባት ካመጣልኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ» እያልኩ አወራሁ። ወንድሜ ሲሰማኝ አንገቱን ይደፋል። «እትዬ፣ ትንሽ እንኳ ከፍ አይልም?» ይለኛል። «አይልም» እለዋለሁ።

ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ቆይቷል። ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ የሆነ ወንድ ሁሉ ተራው ይደርሳል። ተማሪ ከሆነ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይዞ ይታለፋል፤ ደብዳቤውን የምተይበው ደግሞ እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባም ይታለፋል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት የሚጠብቅ ልጅ ግን ከሁለቱም የለም። ተማሪ ነው እንዳንል ጨርሷል፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል እንዳንል ውጤቱ አልመጣም። ያ ክረምት ነበር የሚያስፈራው። ልጆቹ ከቤት አይወጡም። ወደ ዘመድ አገር ልላካቸው የሚል ወላጅም ቃሊቲ ኬላ ላይ መታወቂያ እንደሚታይ ያውቃልና ይተወዋል። እናቴ የመኪና ፍሬን በሰማች ቁጥር እጇ ላይ ያለውን ነገር አስቀምጣ ወደ አጥሩ ትሄዳለች። ከመጋዘን ጀርባ የሚኖር ሰው በቀን ስንት ፍሬን እንደሚሰማ አስቡት።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የቀበሌያችን ጸሐፊ ቢሮዬ ገባ። ካኪ ሱፍ ለብሷል፤ ከኋላው ዳይሬክተራችን ቆመዋል፣ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው።

«ግምት ታወጪያለሽ አሉ» አለኝ።

«ጓድ፣ የልጆች ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ ከሆነ ሕዝብ ማሳሳት ነው። እውነት ከሆነ ደግሞ ለአብዮቱ ይጠቅማል። የቱ ነው?»

ዳይሬክተሩ «እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ አትስትም» አሉልኝ። ሊረዱኝ ነው፤ አልፈርድባቸውም። ጸሐፊው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከቀበሌያችን የተፈተኑ አሥራ አንድ ወንዶች አሉ አለኝ። የእያንዳንዱን ግምት ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ነገ ጠዋት እንዳመጣ። ከሁለት ተኩል በታች የሆነ ዩኒቨርሲቲ ስለማይገባ ቁጭ ብሎ ከሚከርም እናት አገሩን ያገለግላል። ይህን ሁሉ ሲናገር ድምፁን ከፍ አላደረገም። ተነስቶ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለና ሳቀ።

«ወንድምሽም ከአሥራ አንዱ አንዱ ነው አይደል? ሕብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ ሁለት ነጥብ ሰባት ስትዪ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንዳይለወጥ።»

ከሰዓት በኋላ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩና ደብተሬን አወጣሁ። አሥራ አንዱንም ልጆች አውቃቸዋለሁ፤ እናቶቻቸውን አውቃለሁ። አንዱ የፋብሪካ ዘበኛ ልጅ ነው። አንዱ እናቱ ሳሪስ አቦ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ካርዱን ልትወስድ በመጣች ቁጥር ሳትመርቀኝ አትሄድም። ደብተሬ ላይ አራቱ ከሁለት ተኩል በታች ናቸው፤ ያውም እኔ ቀንሼባቸው። እጄን ጽሕፈት መኪናው ላይ አድርጌ የነዚህን ልጆች ስም ልጽፍ ስል አልታዘዝ አለኝ። ጀግና ሆኜ አይደለም። የሽንኩርት ሻጭዋ ፊት መጣብኝና ፈራሁ።

ከዚያ ዘዴ ያልኩት ነገር መጣልኝ። ለሁሉም ግማሽ ግማሽ ነጥብ ልጨምር። እኩል ከጨመርኩ ማን ያውቃል? የጎበዙና የሰነፉ ቅደም ተከተል አይፋለስም፤ ጸሐፊው ልጆቹን ቢያውቃቸው እንኳ ነገሩ እውነት ይመስላል። ከሁሉም የሚያንሰው ሁለት ነጥብ ሦስት ነበር፤ ሁለት ነጥብ ስምንት ሆነ። ማንም ከሁለት ተኩል በታች አልቀረም። ዕድሜዬን ሙሉ ነጥብ ስቀንስ ኖሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨመርኩ።

ወንድሜ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ጣቴን የሦስት ቁጥር ቁልፍ ላይ አሳረፍኩ፤ ግማሽ ቢጨመርለት ሦስት ነጥብ ሁለት ነው። የጸሐፊው ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ቢለወጥ፣ የሱ ከተለወጠ የሌሎቹም ተለውጧል ማለት ነው፤ ደብተሩን አምጪ ይለኛል፤ ደብተሩ ከወረቀቱ ጋር አይገጥም። እስር ቤት ገብቶ ያልወጣ ሰው በሰፈራችን ስንት እንደነበር እኔ ልንገራችሁ አልፈልግም። ደግሞም ራሴን አሳመንኩ። ሁለት ነጥብ ሰባት ከሁለት ተኩል ይበልጣል፣ ወንድሜ ምንም አይነካውም። ሁለት ነጥብ ሰባት ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። በማግስቱ ጠዋት ወስጄ ሰጠሁ። ወደ ቤት ስመለስ ቀለል ብሎኝ ነበር፤ ከመንገድ ለእናቴ ሙዝ ገዛሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። የአሥራ አንዱ ልጆች ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው እንዲገኙ ተባለ። አባቴ መንገድ ላይ ነበር። እኔ፣ እናቴና ወንድሜ ሄድን። አዳራሹ በር ላይ የአብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ ይዘው ቆመዋል። ወንድሜ የትምህርት ቤት ሹራቡን ለብሷል፤ ተማሪ መሆኑ እንዲታይ ብላ እናቴ ናት ያለበሰችው። ጸሐፊው እኔ የተየብኩትን ወረቀት ይዞ ተነሳ።

«ጎበዝ ቀበሌ ነው ያለን» አለ። «ከሁለት ተኩል በታች አንድም የለም።»

አንዳንድ እናቶች በረጅሙ ተነፈሱ። እኔም ተነፈስኩ።

«ግን ከኛ የተጠየቀው ሦስት ሰው ነው። ኮታ ኮታ ነው። ስለዚህ ከታች እንነሳለን።»

እውነቴን ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን የሰማሁት ከሩቅ ነው። የእናቴን ክንድ ያዝኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ለልጆች ሳስረዳ የኖርኩ እኔ ነኝ። የመግቢያ ነጥብ ማለት የተሰመረ መስመር አይደለም፤ ወንበሩ ስንት ነው፣ ካንተ በላይ ስንት ሰው አለ፣ ይኸው ነው እላቸው ነበር። ጸሐፊው ሁለት ተኩል ሲለኝ መስመር ነው ብዬ አመንኩት። አሥሩን በሙሉ ከወንድሜ በላይ አወጣሁና እሱን ብቻውን ከታች ተውኩት።

መጀመሪያ የተጠራው የሱ ስም ነው። ሁለት ነጥብ ሰባት። ቀጥሎ ሁለቱ፣ ሁለት ነጥብ ስምንት፣ ሁለት ነጥብ ስምንት። ሦስቱ ወደ ፊት ወጥተው ቆሙ። ጸሐፊው በዚያ ቢያቆም ምን ነበረበት? የቀረውንም አነበበው። ወንድሜ አብሮት የሚቀመጥ ጓደኛ ነበረው፤ ሒሳብ ከወንድሜ የሚገለብጥ፣ ለፈተና ሳምንት እንኳ ኳስ ያልተወ። ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ተባለ። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። በደንብ ተረዳ። ለሁሉም እንደጨመርኩ፣ ለሱ እንዳልጨመርኩ በዚያች ደቂቃ ገባው፤ ግን ለምን እንደሆነ በራሱ መንገድ ተረጎመው። ያንን ገና አላወቅሁም። እኔ ያየሁት ዓይኑን ብቻ ነው።

እናቴ «ያ ረቢ፣ አባቱ ሳይመጣ» አለች። ጥበቃው ሹራቡን ይዞ ወደ ኋላ ክፍል አስገባው።

ሁለት ቀን ቀበሌው ግቢ ውስጥ፣ ዕቃ ማስቀመጫ በነበረች ክፍል አቆዩዋቸው። ምሳ ይዤ ስሄድ በመስኮት አገናኙን። ጥበቃው ክንዴን ሊነካ ምንም ሳይቀረው አጠገቤ ቆሟል። ልነግረው ይገባ ነበር። ያንተ ግምት ሦስት ነጥብ አራት ነው፣ የቀነስኩት እኔ ነኝ፣ ፈርቼ ነው፤ ይኸው ነበር፣ ረጅም ንግግር አይደለም። ጥበቃው ይሰማል ብዬ «አይዞህ፣ ብላ» ብቻ አልኩት። «እናቴን አደራ» አለኝ፤ ስለ ነጥብ አላነሳም።

በማግስቱ ጠዋት ጸሐፊው ዘንድ ልሄድ ተነሳሁ። እውነቱን ልነግረው። የወንድሜ ሦስት ነጥብ አራት ነው፣ ውጤት እስኪመጣ ጠብቁት ልለው። እንዲያ ካልኩ ደግሞ እንዴት ዋሸሽ ይለኛል፤ ደብተሩ ይወጣል፤ ከአራቱ ልጆች ያልተያዙት ሁለትም ይያዛሉ፤ እኔም ቤቴ አልገባም። የቀበሌው በር ላይ ደረስኩ። ጥበቃው «ምን ፈልገሽ ነው?» አለኝ። «የመታወቂያ ጉዳይ» አልኩት። «ዛሬ የለም» አለ። እሺ ብዬ ተመለስኩ። ብዙ ሰው በኔ ቦታ ቢሆን ይህንኑ ያደርግ ነበር እያሉ የሚያጽናኑኝ አሉ። ሊሆን ይችላል፤ እኔን ግን አልጠቀመኝም። ከሰዓት በኋላ የጭነት መኪና መጥቶ ወሰዳቸው።

አባቴ የመጣው በአምስተኛው ቀን ነው። ሁሉንም ሰማ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። «አንቺ ስንት ብለሽ ነበር የጻፍሽለት?» አለኝ። «የገመትኩትን» አልኩት። ለአባቴ ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

ውጤቱ በነሐሴ መጨረሻ በካርቶን ተሞልቶ መጣ፤ ተቀባይዋ እኔ ነኝ። ሌላ ዓመት ቢሆን ካርቶኑን የምከፍተው እየሮጥኩ ነው። ያን ቀን ሌላውን ሥራ ሁሉ ጨርሼ ነው ወደ ካርቶኑ የተመለስኩት። ነጥቡ ቀንሶ ቢገኝ ብዬ እየጸለይኩ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ጸልያለሁ። ወንድሜ ዝቅ ያለ ነጥብ ቢያመጣ ኖሮ ነፍሴ ታርፍ ነበር። ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት፤ ሦስት ነጥብ አራት። በሬዲዮ የተነገረው የመግቢያ ነጥብ ከሱ በጣም ያንሳል፤ የፈለገውን መምረጥ ይችል ነበር።

አባቴ ወረቀቱን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ዞረ። ከኔ ሌላ ማንም አንብቦ ሊያስረዳለት ስላልቻለ እኔም አብሬው ዞርኩ። የዘመተ ግዳጁን ፈጽሞ ሲመለስ ቦታው ይጠበቅለታል አሉን። በጨዋ አንደበት ነው የነገሩን፤ አንዱማ ወንበር ሰጥቶናል።

ወንድሜ ያለበትን ማሰልጠኛ የፖስታ ቁጥር አገኘንና ደብዳቤ ጻፍኩለት። ዋናው ወረቀት ለደጅ ጥናቱ ስለሚያስፈልግ ውጤቱን በትምህርት ቤቱ ወረቀት ተይቤ፣ ማህተም አድርጌ አብሬ ላክሁ። ጥፋቴን ግን አልጻፍኩም፤ ደብዳቤ ይከፈታል። ምስጋናና ሰላምታ፣ ሦስት ነጥብ አራት፣ እንኳን ደስ አለህ። ከአንድ ወር በኋላ መልሱ መጣ። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እንደ ሁልጊዜው የያንዳንዳችንን ጤና ይጠይቃል። ከዚያ እንዲህ ይላል፦

«እትዬ፣ የላክሽው ደርሶኛል። ታይፑ ያንቺ እንደሆነ አውቄዋለሁ። እኔን ለማጽናናት ብለሽ ይህን ያህል ባትደክሚ። አዳራሽ ውስጥ ሲነበብ ለሁሉም እንደጨመርሽ ገብቶኛል። ለኔ ያልጨመርሽው ብትጨምሪም የማይረባ ነጥብ ስለሆነ ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ። አልተቀየምኩሽም። የመጣልኝን እውነተኛ ነጥብ ስትልኪልኝ ደስ ይለኛል፤ ትንሽም ቢሆን።»

ቢሮ ውስጥ ነበር ያነበብኩት። ተነስቼ ወደ ቤት ሄድኩና አባቴን ዋናውን የውጤት ወረቀት ስጠኝ አልኩት። ከጠፋ ሌላ የለንም አለ። ይጥፋ አልኩት። በዚህኛው ደብዳቤ ሁሉንም ጻፍኩ፤ ማን ከፍቶ ያነበዋል ብዬ አልፈራሁም፤ ስለ ዓይን፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ጸሐፊው ሳቅ፣ ለአሥሩ ስለጨመርኩት፣ ከሱ ስለቀነስኩት። ዋናውን ወረቀት ጨምሬ በአደራ ደብዳቤ አድርጌ ላክሁት።

ወዲያው የወንድሜ ጦር ክፍል ወደ ሰሜን ተንቀሳቀሰ አሉን። ከዚያ በኋላ የሱ ደብዳቤ አልመጣም፤ እሱም አልተመለሰም። ጦሩ ሳይንቀሳቀስ ወረቀቱ ይድረሰው አይድረሰው፣ ብጠይቅም የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።